ግዴታና ጎረቤት፦ ከጓሳ ሕግ እስከ ክትባት ትእዛዝ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ)



እኔ የታሪክ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ስለዚህ ማን ይከተብ ማን አይከተብ የሚል ምክር ከእኔ አትጠብቁ። የማነሣው ጥያቄ ሌላ ነው። አንድ ማኅበረሰብ ወይም አንድ መንግሥት ግለሰቡን «ለጎረቤትህ ስትል ይህን አድርግ፤ ካላደረግህ ትቀጣለህ» ብሎ ሲያዝዘው፣ ትእዛዙ ፍትሐዊ የሚሆነው መቼ ነው? በኮቪድ ዘመን ይህ ጥያቄ በዓለም ሁሉ ብዙ ጩኸት አስነሥቷል። ጩኸቱ አሁን ረግቧል፤ ለታሪክ ሰው ደግሞ የሚመቸው ጊዜ ይኸው ነው።

መነሻዬ ጓሳ ነው። በዚህ አዳራሽ ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ የመጣችሁ ተማሪዎች ስለ ጓሳ ከእኔ ይልቅ ታውቁ ይሆናል፤ ለሌሎቻችሁ ግን በአጭሩ ልናገር። ጓሳ የሣር ስም ነው፤ ከ3,200 ሜትር በላይ በሚገኝ ብርዳም ደጋ ላይ ይበቅላል። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ዝናም የሚከላከል ገሳ ይሠራበታል፤ ድርቅ በመጣ ጊዜ ደግሞ የከብት የመጨረሻ ተስፋ ነው። ሥፍራውም በሣሩ ስም ይጠራል። የመንዝ ሰዎች ይህን ሜዳ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ «ቄሮ» በተባለ ሥርዓት ሲያስተዳድሩት ኖረዋል። (ቃሉ በቅርብ ዓመታት በሌላ ትርጉም ስለሚታወቅ ግር እንዳይላችሁ፤ እኔ የማወራው ስለ መንዙ የሣር ሕግ ነው።) የመሬቱ ባለመብቶች የአስቦና የጌራ ልጆች ነን የሚሉ ባለ ርስቶች ነበሩ። አለቃቸውን ይመርጣሉ፤ አለቃው ከጉባኤው ጋር ሆኖ ሜዳውን ለሦስት፣ ለአራት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጋዋል። በተዘጋበት ዘመን ከብት ያስገባ ወይም ሣር ያጨደ ይቀጣል። የጥበቃው ተራም በየቤቱ ይደርሳል፤ «እኔ አልጠብቅም» ማለት አይቻልም።

ይህ እንግዲህ ግዴታ ነው፤ ለዘብ ያለ ምክር አይደለም። ይሁንና ሰዎች ለዘመናት ተቀብለውት ኖረዋል። ለምን? የመጀመሪያው ምክንያት በተዘጋ ሜዳ ላይ በሬውን የሚያሰማራ ሰው የሚበላው የራሱን ድርሻ ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱንም በመሆኑ ነው። ጉዳቱ ግልጽ ነው፤ ማንም በዓይኑ ያየዋል፤ ክርክር አያስፈልገውም። ከዚህም ሌላ፣ እኔ ይበልጥ የምደነቅበት ነገር አለ፦ ሜዳው የመክፈቻ ቀን ነበረው። በበጋው ብርታት፣ ሣሩ መድረሱ ሲታይ፣ አዋጁ ይነገርና ባለመብቱ ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይወጣል። የተዘጋው ለመከፈት ነው።

ነገር ግን ሥርዓቱን እንደ ገነት አድርገን እንዳንስለው። ርስት የሌለው ሰው በሜዳው ላይ መብት አልነበረውም፤ ሕጉን አክብሮ ከሜዳው ቢርቅም ሜዳው በተከፈተ ቀን የሚያጭደው አልነበረውም። የካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የርስትን ሥርዓት ሲያፈርስ፣ የቄሮ ሥልጣንም አብሮ ፈረሰ። ሜዳውም ተጎዳ። ኋላ ላይ ነዋሪው በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ ጥበቃውን እንደገና አቋቋመ፤ የአማራ ክልልም ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ በሕግ አውቆታል። ከዚህ ታሪክ የምወስደው የሚከተለውን ነው፤ ግዴታው ጎረቤትን ከሚታይ ጉዳት የሚጠብቅ ቢሆን እንኳ፣ ሸክሙን የተሸከመው ሰው ከጥቅሙ ካልተካፈለ፣ ግዴታው በጉልበት እንጂ በፍትሕ አይቆምም።

አሁን ከሣር ወደ ሰው ክንድ እንሻገር።

ቋንቋችን ራሱ በዚህ ጉዳይ ላይ አስደናቂ ምስክር ነው። ከተበ ማለት ጻፈ ማለት ነው፤ ክታብ በአንገት የሚንጠለጠል ጽሑፍ ነው፤ ክትባትም በቆዳ ላይ የሚጻፍ ነገር ሆነ። ዘመናዊው ክትባት ከመምጣቱ በፊት፣ በአገራችን ደጋማ ክፍሎች ፈንጣጣን የመክተብ ልማድ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ፈንጣጣ ከያዘው ሰው ቁስል መግል ወይም ቅርፊት ይወሰዳል፤ የጤነኛው ክንድ በስለት ይጫርና ይቀባበታል። ፈንጣጣ በተፈጥሮው በትንፋሽ ነው የሚገባው፤ በቆዳ በኩል ሲገባ ግን ብዙ ጊዜ ይቀልላል። ይኸው ልማድ በ18ኛው መቶ ዘመን በአውሮፓ ሲሠራበት የተያዙት መዝገቦች እንደሚያሳዩት፣ በዚህ መንገድ ከተከተቡት ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ይሞታሉ፤ በተፈጥሮ ከተያዙት ግን ከመቶ ከ20 እስከ 30። አያቶቻችን ላቦራቶሪ አልነበራቸውም፤ ስሌቱን ግን አግኝተውታል። ይህን ልማድ «ድንቁርና» እያሉ የሚያልፉ ጽሑፎችን ሳነብ እበሳጫለሁ።

ሆኖም አንድ ትልቅ ችግር ነበረበት። በዚህ መንገድ የተከተበው ሰው የያዘው እውነተኛውን ፈንጣጣ ነው። እርሱ በቀላሉ ቢያልፈውም፣ ከእርሱ ወደ ሌላው የሚተላለፈው ግን ሙሉ ኃይል ያለው በሽታ ነው። ለራሱ ጋሻ ያበጀው ሰው ለጎረቤቱ ጦር ሆነ ማለት ነው። አንድ ቤተሰብ ልጆቹን ሲያስከትብ፣ በቀጣዩ መንደር ያልተከተቡ ሕፃናት ሊያልቁ ይችሉ ነበር።

እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ጄነር እ.ኤ.አ. በ1796 ያሳየው አዲስ ነገር ትርጉሙ የሚገባን እዚህ ላይ ነው። የጄነር ክትባት ከላም ፈንጣጣ የተወሰደ ነበር፤ የተከተበው ሰው ራሱን ይጠብቃል፣ ፈንጣጣን ግን አያስተላልፍም። የእንግሊዝ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1840 አሮጌውን ዘዴ ከለከለ፤ በ1853 ደግሞ አዲሱን ለሕፃናት አስገዳጅ አደረገ። የቅደም ተከተሉን ነገር ልብ በሉት። መጀመሪያ ጎረቤትን የሚጎዳውን ከለከለ፤ ከዚያ በኋላ ጎረቤትን የሚጠብቀውን አዘዘ። የመጀመሪያው ብዙ አላከራከረም፤ ሁለተኛው ግን ለግማሽ ምእተ ዓመት የዘለቀ ተቃውሞ ቀሰቀሰ። ቅጣቱ የገንዘብ ስለነበረ ድኻውን ይጎዳል፣ ሀብታሙ ከፍሎ ያልፋል የሚለው አቤቱታ እጅግ ጠንካራ ነበር። በ1898 ፓርላማው ኅሊናዬ አይፈቅድም ለሚል ወላጅ መውጫ በር ከፈተ።

ወደ አገራችን ልመለስ። ፈንጣጣን ለማጥፋት የተቋቋመው ፕሮግራም በኢትዮጵያ ሥራ የጀመረው በጥር 1963 ዓ.ም. ነው። በዚያው እ.ኤ.አ. በ1971 ከ26 ሺህ በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ፤ በዓለም ሁሉ ከተመዘገበው ግማሽ ያህሉ ማለት ነው። ሠራተኞቹ ሳኒታሪያኖች፣ የፒስ ኮር ወጣቶችና ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ባለሙያዎች ነበሩ፤ በቁጥር ግን ጥቂት ናቸው። አገሩ ገደል ነው፣ ወንዙ ይሞላል፣ መንገድ የለም። አብዛኛው ጉዞ በእግርና በበቅሎ ነበር።

ይህን ዘመን ለተማሪዎቼ ሳስተምር አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ አነሣለሁ። በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ ይዛመት የነበረው ፈንጣጣ በአብዛኛው ቀላሉ ዓይነት ነው፤ ከተያዙት ከመቶ አንድ ያህል ብቻ ይገድላል። በደጋው ያለ ገበሬ ፈንጣጣን ከወባ፣ ከተስቦ፣ ከረኀብ ጋር ሲያወዳድር፣ ከሁሉ የቀለለ ሆኖ ያገኘዋል። በዚያ ላይ በአሮጌው ዘዴ ተከትቦ ሊሆን ይችላል። አሁን አንድ እንግዳ ሰው ባለ ሁለት ጫፍ መርፌ ይዞ መጥቶ «ክንድህን አምጣ» ይለዋል። ገበሬው እምቢ ቢል ተሳስቷል? ከራሱ ጥቅም አንጻር ሲታይ፣ እምቢታው ፈጽሞ ምክንያት የለሽ አልነበረም። የክትባቱ ትልቁ ጥቅም ለእርሱ አልነበረም፤ ለዓለም ነበር። እርሱ ሲከተብ የሚድነው ምናልባት ባህር ማዶ ያለ፣ ስሙን የማያውቀው ሰው ነው፤ በሽታው ጨርሶ ሲጠፋ ደግሞ የክትባት ወጪ የሚቀርላቸው ከሁሉ በፊት ሀብታሞቹ አገሮች ናቸው።

ታዲያ እንዴት ተሳካ? በእኔ ግምት ምስጢሩ በግዴታ ብዛት ላይ አልነበረም። ፕሮግራሙ አገሩን ሁሉ የሚያስገድድበት ኃይል አልነበረውም፤ ስለዚህ ፍለጋና ከበባ የተባለውን ስልት ያዘ። በሽተኛ ያለበትን ቤት ይፈልጋሉ፤ በሽተኛው ከሰው እንዲለይ ያደርጋሉ፤ ቤተሰቡንና በዙሪያው ያሉትን ይከትባሉ። ይህ የሚሠራው በሁለት የተፈጥሮ ምክንያቶች ነው። ፈንጣጣ ሰውነት ላይ ሳይወጣ በፊት እምብዛም አይተላለፍም፤ ደግሞም ከተጋለጠ በኋላ በሦስትና በአራት ቀን ውስጥ የተከተበ ሰው ብዙ ጊዜ ይድናል። ስለዚህ የግዴታው ክበብ ጠባብ ነበር፤ ምክንያቱም በዓይን የሚታይ ነው። በበሽተኛው ደጃፍ ቆሞ «ይህን ታያለህ፤ ልጅህ እንዲህ እንዳይሆን» ማለት ይቻላል። የአጥቢያ ሹሞችንና ካህናትን አስቀድሞ ማስረዳት የሥራው ግማሽ ነበር። እምቢተኝነት ነበር፤ የተኩስ አደጋም ነበር፤ ግን ነገሩ በመሠረቱ የልመናና የድርድር ሥራ ነበር።

በሌላ ቦታ እንዲህ አልነበረም። አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ፖል ግሪኖ ስለ ደቡብ እስያ ዘመቻ የመጨረሻ ዓመታት በጻፈው ጥናት፣ በር ተሰብሮ፣ ሰው ከአልጋው ተጎትቶ የተከተበባቸውን ሌሊቶች መዝግቧል። በሽታው ጠፋ፤ ቂሙ ግን ቀረ፤ ኋላ የመጡትን የጤና ሠራተኞች የጠበቃቸውም ያ ቂም ነው።

የመጨረሻው የኢትዮጵያ ሕመምተኛ የታየው ነሐሴ 3 ቀን 1968 ዓ.ም. በባሌ ክፍለ ሀገር፣ በኤል ከሬ ቆላ፣ ዲሞ በተባለች መንደር ነው። በዓለም የመጨረሻው በተፈጥሮ የተያዘ ሰው በጥቅምት 1970 ዓ.ም. በሶማሊያ፣ በመርካ ከተማ ተገኘ። ሚያዝያ 30 ቀን 1972 ዓ.ም. በጄኔቫ የዓለም ጤና ጉባኤ ፈንጣጣ መጥፋቱን አወጀ፤ ክትባቱም ቆመ። በእኔ ዕድሜ ያለን ሰዎች ጠባሳውን በክንዳችን ይዘነዋል፤ እናንተ ያላችሁ የቲቢ ክትባት ምልክት ነው። ይህ ክትባት ራሱ አደጋ አልባ አልነበረም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚከተቡ አንድ ሚሊዮን ሰዎች አንድ ያህሉን ይገድል ነበር። በሽታው እያለ ይህ ዋጋ ይከፈላል፤ በሽታው ሲጠፋ ግን አንድም ሰው ስለ ምንም መሞት የለበትም። ጓሳ ተከፈተ፤ እንደ ቄሮ አለቃ ብናገር እንዲህ እል ነበር።

ስለ ከብት ደስታ በሽታ ብዙ አልልም፤ ሆኖም ሳልጠቅሰው ማለፍ አልችልም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረውን ክፉ ቀን ያመጣው ይኸው በሽታ ነው፤ በሬው አለቀ፣ እርሻው ቆመ፣ ሕዝቡ ተራበ። ከመቶ ዓመት በኋላ በሽታውን ከአገራችን ለማስወጣት ሲሞከር፣ መንግሥታዊ ቡድኖች ወደ አፋር ቆላ በመኪናና በማቀዝቀዣ ሳጥን መድረስ አልቻሉም። ሥራውን የፈጸሙት ከአርብቶ አደሩ መካከል የተመረጡና የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው፤ ሙቀት የሚቋቋም ክትባትም ረድቷቸዋል። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ወረርሽኝ የታየው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ማን ነው የሚወጋው የሚለው ጥያቄ፣ ምን ይወጋል ከሚለው እኩል ክብደት አለው።

እንግዲህ ወደ ኮቪድ እንምጣ። እዚህ ላይ ነገሩ እንደ ፈንጣጣ የጠራ አይደለም፤ ክርክሩ የከረረውም ስላልጠራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ የፋይዘር ክትባት ከ40 ሺህ በሚበልጡ ሰዎች ላይ ተፈትኖ የሕመም ምልክት ያለውን ኮቪድ በ95 በመቶ እንደሚከላከል ተነገረ። ቁጥሩ እውነት ነበር። ነገር ግን ሙከራው የለካው የተከተበው ሰው መታመም አለመታመሙን እንጂ፣ ወደ ሌላ ሰው ማስተላለፍ አለማስተላለፉን አይደለም። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪም ፈቃዱን ሲሰጥ ስለ መተላለፍ ገና መረጃ እንደሌለ በግልጽ ጽፏል። ባለሥልጣናትና ጋዜጠኞች ግን ከዚህ ጽሑፍ በላይ ተናገሩ፤ «የተከተበ አያስተላልፍም» የሚል ቃል በሰፊው ተነዛ። በ2021 መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር በየቤቱ የተደረገው ጥናት፣ ተከትቦ የተያዘ ሰው ለቤተሰቡ የማስተላለፉ ዕድል ካልተከተበው ከ40 እስከ 50 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳየ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሙሉ ግን አይደለም። ከዚያ ዴልታ መጣ፣ ቀጥሎም ኦሚክሮን፤ መተላለፍን የመግታቱ ኃይል በጥቂት ወራት ውስጥ እየሳሳ ሄደ። ከጽኑ ሕመምና ከሞት የመጠበቁ ኃይል ግን ረዘም ላለ ጊዜ ቆየ።

«ክትባቱ ምንም አልሠራም» የሚሉ ሰዎች ይህን የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር ይዘልሉታል፤ «ትእዛዙ ሁሉ ትክክል ነበር» የሚሉት ደግሞ ከእርሱ በፊት ያለውን። እኔ ሁለቱንም ይዤ ነው የምፈርደው። የክትባት ግዴታ ዋና ማረፊያው ጎረቤት ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1905 በጃኮብሰን ጉዳይ የማሳቹሴትስን ግዴታ ሲያጸድቅ፣ ፈንጣጣ በከተማው ውስጥ እየተዛመተ መሆኑን አንዱ መሠረት አድርጎታል፤ ቅጣቱም አምስት ዶላር ነበር። የ2021ዱ ቅጣት ግን ለብዙዎች እንጀራ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ በአረጋውያን መንከባከቢያና በሆስፒታል የሚሠሩ ወገኖቻችን ጥቂቶች አይደሉም፤ ጥያቄው ለእነርሱ የንድፈ ሐሳብ አልነበረም።

በዴልታ ዘመን በአረጋውያን መንከባከቢያ የሚሠራ ሰው እንዲከተብ ማስገደድ፣ እንደ እኔ ፍርድ፣ ሊደገፍ ይችላል። ጎረቤቱ በአልጋ ላይ ያለ የ80 ዓመት ሰው ነው፤ መሸሽ አይችልም፤ ከፊል መከላከያም ቢሆን ነፍስ ያድናል። በአንጻሩ ኦስትሪያ በየካቲት 2022 እ.ኤ.አ. አዋቂዎችን ሁሉ የሚያስገድድ ሕግ ስታወጣ ኦሚክሮን ሁሉንም አዳርሶ ነበር። ሕጉ በመጋቢት ታገደ፤ በዚያው ዓመት በጋ ላይም ተሻረ። እንግሊዝም ለጤና ሠራተኞች ያዘጋጀችውን ግዴታ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ሰረዘችው። እነዚህ መንግሥታት ምክንያቱ ሲለወጥ ትእዛዙን ማንሣታቸውን አልነቅፍም፤ አመሰግናቸዋለሁ እንጂ።

አንድ ተቃውሞ አለ፤ ጠንካራ ነው፤ ችላ ማለት አይገባም። መተላለፍን ባይገታም፣ ያልተከተበው ሰው የሆስፒታሉን አልጋ ይዞ ሌላው ሕመምተኛ ቦታ ያጣል፤ ይህም ጎረቤትን መጉዳት ነው ይባላል። እውነትነት አለው፤ በተለይ አልጋ በሞላበት ሳምንት። ግን ይህ መከራከሪያ ወሰን የለውም። ሲጋራም፣ መጠጥም፣ ፍጥነትም አልጋ ይይዛሉ። ለጊዜያዊ አደጋ ጊዜያዊ ግዴታ ሊደግፍ ይችላል፤ ቋሚ ግዴታን ግን አይሸከምም።

የእኛ አገር ጉዳይ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይለያል። ወደ ኢትዮጵያ የመጀመሪያው ጭነት፣ 2.2 ሚሊዮን ገደማ ክትባት፣ የደረሰው በየካቲት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ ክትባቱም በሳምንቱ በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ከጤና ሠራተኞች ተጀመረ። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ለሆነ ሕዝብ። ሀብታሞቹ አገሮች ለሦስተኛ ዙር ሲዘጋጁ የእኛ ሕዝብ የመጀመሪያውን ይጠብቅ ነበር። በዚሁ ዓመት፣ ከኅዳር 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሜሪካ በአውሮፕላን የሚገባ የውጭ ዜጋ የክትባት ማስረጃ እንዲያሳይ አዘዘች። ክትባት ላልተዳረሰባቸው አገሮች ዜጎች ማቃለያ ነበር፤ ለጎብኚ ቪዛ ግን አይሠራም። ስለዚህ የልጇን ልጅ ለማየት የምትሄድ እናት፣ አገሯ ያላደረሰላትን ክትባት እንድታሳይ ተጠየቀች። ትእዛዙ እስከ ግንቦት 2023 እ.ኤ.አ. ቆየ፤ ክትባቱ መተላለፍን መግታቱ ከሳሳ ከአንድ ዓመት በላይ በኋላ ማለት ነው። እዚህ ላይ የጓሳው ርስት አልባ ሰው ትዝ ይለኛል። ሜዳውን እንዲያከብር ይገደዳል፤ ማጭድ ግን አይሰጠውም።

ስለ ጓሳ ካነሣሁ ዘንድ፣ እዚያው ዛሬ ያለ ጉዳይ ላንሣና ልጨርስ። ጓሳ የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ነው፤ በዓለም ከ500 የማይበልጡ አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ብቻ ናቸው የቀሩት፤ ሁሉም በኢትዮጵያ። ከሁሉ ይልቅ የሚያጠፋቸው ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ተራሮች፣ በዌብ ሸለቆ፣ ከቀበሮዎቹ አብዛኞቹን ፈጅቷል። በ2006 የታተመ ጥናት፣ በትክክለኛው ቦታ ከቀበሮዎቹ ከመቶ ከ20 እስከ 40 መከተብ እንኳ ከባዱን እልቂት ሊገታ እንደሚችል አሳይቷል። በውሾች ዘንድ ግን መተላለፍን ለመቁረጥ ከመቶ 70 ያህሉ መከተብ አለባቸው፤ ያውም በየጊዜው፣ ውሻ ቶሎ ይወልዳልና፣ አዲሱ ቡችላም ያልተከተበ ነውና።

እንግዲህ የጓሳ ጉባኤ በሜዳው ዳርቻ ያለ ውሻ ሁሉ እንዲከተብ ቢያዝዝ፣ ፍትሐዊ ይሆናል? ከመተላለፍ አንጻር ጉዳዩ ከኮቪድ ይልቅ ፈንጣጣን ይመስላል፤ የተከተበ ውሻ ሰንሰለቱን ይቆርጣል። ባለ ውሻውም ይጠቀማል፤ በገጠር በዚህ በሽታ በይበልጥ የሚሞቱት ሕፃናት ናቸውና። ችግሩ ሌላ ነው። የፈንጣጣ ክትባት የመክፈቻ ቀን ነበረው፤ የውሻው ግን በቅርብ የለውም፤ በየዓመቱ ይደገማል። እረኛው በየዓመቱ ውሻውን ይዞ ስንት ሰዓት ይጓዛል? መርፌውን ማን ይከፍላል? ቀበሮ ለማየት የሚመጣው ጎብኚ የሚከፍለው ገንዘብ ለውሻው ባለቤት ይደርሳል ወይስ ሌላ ቦታ ይቀራል? ደንቡ ቅጣቱን ከመጻፉ በፊት እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች መመለስ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ግማሽ ሰዓት ያህል አለን፤ ከኋላ መቀመጫ እጅ አያለሁ፤ ከዚያ እንጀምር።